ጧፍ፣ ነጠላ እና ፑሽ የተደረገ ፊልም

ፊልም ፑሽ ሲደረግ ብርሃን የሚጨምር የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አይጨምርም። ሹተሩ (የካሜራው መዝጊያ) በተከፈተባት ቅጽበት ፊልሙ ላይ ያረፈው ብርሃን ያው ያረፈው ነው። ከዚያ ወዲያ በኬሚካል ምን ብታደርጉት አንዲት ጭላንጭል አትጨምሩበትም። መጀመሪያ በዚህ እንስማማ።

ታዲያ ፑሽ ምን ያደርጋል? ሥራው ሁለት ቦታ ነው። ካሜራው ላይ አይኤስኦው (ፊልሙ ብርሃን የሚቀበልበት ፍጥነት) 800 የሆነውን ፊልም 1600 ነው ብለን እንዋሻለን። ካሜራውም አምኖን የሚያስፈልገውን ብርሃን በግማሽ ቀንሶ ይለካል። ይህን ግማሽ «አንድ ስቶፕ» እንለዋለን። ከዚያ ፊልሙ ሲታጠብ ዲቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ ከወትሮው አስበልጠን እናቆየዋለን። ኔጌቲቭ፣ ማለትም የታጠበው ፊልም፣ ብርሃንና ጨለማን ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ ብርሃን ያገኘው የፊልሙ ክፍል ይበልጥ ይጠቁራል። ምንም ያላገኘው ክፍል ግን ቢቆይም ባይቆይም ባዶ ነው። ውጤቱ ኮንትራስት (በበራውና በጨለመው መካከል ያለው ልዩነት) ይጨምራል፣ ግሬይኑ (የፊልሙ ቅንጣት) ይጎላል፣ ቀለሙም ትንሽ ይዛባል። ፑሽ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ኮንትራስት ይጨምራል ካልን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ጨለማው ምን ዓይነት ጨለማ ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ነው ፑሽ የሚያደርገው። «ጨልሟል፣ ስለዚህ ፑሽ» ይላል። እኔ አልስማማም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ካሜራዬ ኒኮን ኤፍኤም2 ነው፤ ሌንሱ 50 ሚሊሜትር፣ እስከ ኤፍ 1.4 የሚከፈት (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)። ኤፍኤም2ን የምወድበት አንዱ ምክንያት ለጨለማ ስለሚመች ነው። በካሜራው ማያ ውስጥ ሲታይ የብርሃን መለኪያው በቀይ መብራት መደመር፣ ክብ እና መቀነስ ያሳያል፤ በዝቷል፣ ልክ ነው፣ አንሷል ማለቱ ነው። በመርፌ የሚያሳዩት አሮጌ ካሜራዎች ጨለማ ውስጥ መርፌው ራሱ አይታይም። አይኤስኦውንም እንደ ልቤ እቀይራለሁ። ከፊልሙ ቆርቆሮ ላይ ኮድ አንብበው በራሳቸው የሚሞሉት ትንንሽ ካሜራዎች ግን አብዛኞቹ አይዋሹላችሁም።

ቀን ሥራ ላይ ስለሆንኩ የማነሳው ማታ ነው። ከማታም ማታ የማልቀርበት የፋሲካ ሌሊት ነው። የ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ነበር የዋለው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 20። የእኛም የእነሱም በአንድ ቀን ስለነበር የመኪና ማቆሚያ ጭንቅ ነበር። እሱን እንተወው።

እኛ ደብር የትንሣኤ ሌሊት ትልልቁ መብራት ይጠፋና ሕዝቡ ጧፍ ያበራል። እኔ በሴቶች በኩል ነው የምቆመው። ከፊቴ፣ ከጎኔ፣ ከኋላዬ ነጭ ነጠላ ነው። ፍላሽ አይታሰብም። የተከለከለ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ሰው ዐይን ላይ ብርሃን መርጨት ነውር ነው። እና ያለው ብርሃን የጧፍ ብርሃን ነው።

የጧፍ ብርሃን ስንት ነው? ጧፉን በእጇ የያዘች ሴት ፊቷ ላይ የሚያርፈውን ብትለኩ፣ በ400 ፊልም ኤፍ 2 ላይ 1/15 ሴኮንድ ገደማ የሹተር ጊዜ ይሰጣችኋል። በ800 ፊልም 1/30። በ1600 ደግሞ 1/60። በእጅ ይዞ ሳይንቀጠቀጥ ለማንሳት 1/60 ይመቻል፣ 1/30 ይቻላል፣ 1/15 ግን ግድግዳ ያስደግፋል። ፑሽ የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነው።

ግን ይህ ጨለማ ጠባዩ ሌላ ነው። ወደ ጧፉ የዞረው ጉንጭ ይበራል። ሌላኛው ጉንጭ ጨለማ ነው። ኮንትራስቱ ከመጀመሪያውም ሞልቶ ተርፏል። በዚህ ላይ ፊልሙን ሁለት ስቶፕ ፑሽ ብታደርጉት የበራው ይጋላል፣ የጨለመው እዚያው ይቀራል። ነጠላው ኔጌቲቩ ላይ ድፍን ጥቁር ይሆናል፤ ስካን ሲደረግ ጥለቱም ፈትሉም የማይለይ ነጭ ነገር ይወጣል። ፊቱ ደግሞ ግማሹ የለም።

ሌላም ችግር አለ፤ ቀለሙ። የቀለም ኔጌቲቭ ሦስት ዋና ሽፋን አለው። ከላይ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀበለው፣ መካከል ላይ አረንጓዴ፣ ከታች ቀይ። የቀን ብርሃን ፊልም የተሠራው ለ5500 ኬልቪን ገደማ ነው (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቀይ ያደላል)። የሻማ ብርሃን ግን 1900 አካባቢ ነው። ቀይ ሞልቶታል፣ ሰማያዊ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በጧፍ ያነሳችሁት ፊልም ላይ ቀዩ ሽፋን ጠግቧል፣ አረንጓዴው ቀምሷል፣ ሰማያዊው ጾሙን አድሯል። መለኪያችሁ «በቂ ነው» ሲላችሁ ሦስቱን ደምሮ ነው። ሰማያዊው ብቻውን ቢጠየቅ ብዙ ስቶፕ ጎድሎታል።

ፑሽ ይህን አያስተካክልም። ከዚያ ስካን ስታደርጉ ቢጫውን ለማጥፋት ሰማያዊውን ከፍ ታደርጋላችሁ። የሚመጣው ቀለም አይደለም፤ ግሬይን ነው። ጨለማው ቦታ ሁሉ በሰማያዊ ነጠብጣብ ይሞላል። የሌንስ ሰማያዊ ፊልተር መጠቀም ይቻል ነበር፤ ግን ለቀን ፊልም የሚሆነው 80ኤ የሚባለው ሁለት ስቶፕ ይበላል። ብርሃን በሌለበት ቦታ ሁለት ስቶፕ መስጠት ቀልድ ነው። እኔ የጧፉን ቢጫነት ብዙም አልነካውም። ጧፍ ቢጫ ነው። ቢጫ ይሁን።

ለዚህ ጨለማ ከፑሽ የሚበልጥ ሁለት ነገር አለ ባይ ነኝ።

አንደኛው መለካት ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የካሜራ መለኪያ የሚያየው ምንድን ነው? ነጭ ነጠላ። መለኪያው ዓለም ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል። ነጠላ ሲያይ «በጣም በርቷል» ብሎ ብርሃን ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ነጠላው ውስጥ ያለው ጠይም ፊት ደግሞ ጥላ ይሆናል። በዚህ ላይ ፑሽ ከጨመራችሁ ፊቱ ወደ አመድማ አረንጓዴ ያደላል። «ፊልም ለጥቁር ሰው አይሆንም» የሚባለው ቅሬታ ከፊሉ ከዚህ ይመጣል። ከፊሉ ደግሞ እውነት ነው፤ ለብዙ ዓመታት ላቦች (ፊልም የሚያጥቡ ቤቶች) ቀለም የሚያስተካክሉበት የኮዳክ «ሸርሊ ካርድ» ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የዛሬዎቹ ፊልሞች ከዚያ በጣም ተሻሽለዋል፤ ፖርትራ የሚባለው የኮዳክ ፊልም ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚሰጠውን ቡናማ እወደዋለሁ። ግን ምንም ፊልም በነጠላ ተለክቶ የተነሳ ፊት አያድንም።

ስለዚህ ጠጋ ብዬ የምለካው ፊቱን ነው። ጠጋ ማለት ካልቻልኩ የራሴን እጅ ጧፌ አጠገብ አድርጌ እጄን እለካለሁ። ቆዳዬ ከመካከለኛው ግራጫ ጠቆር ስለሚል መለኪያው አንድ ስቶፕ ያህል ጨምሮ ይሰጠኛል። መጽሐፉ «ጠቆር ያለ ነገር ስትለካ ቀንስ» ይላል። እኔ አልቀንስም። ያቺን ስቶፕ ለጥላው ጉንጭ እተዋታለሁ። ልብ ካላችሁ፣ አይኤስኦው 1600 ላይ ቢሆንም ፊልሙ ያገኘው 800 ሊያገኘው የሚገባውን ነው። ስለዚህ አንድ ስቶፕ ፑሽ ሳደርገው ድሃ ያልሆነ ኔጌቲቭ ነው ፑሽ የማደርገው። ልዩነቱ ይታያል።

ሁለተኛው ከበሮው ነው። አልቀለድኩም። ወረብ ሲወረብ ካህናቱ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዘንበል ይላሉ። ዘንበል ብለው ከመመለሳቸው በፊት አካላቸው ለቅጽበት ቀጥ ይላል። ጸናጽሉም ያኔ ይቆማል። ከበሮውን ያደመጠ ሰው ያቺን ቅጽበት ቀድሞ ያውቃታል። እዚያች ላይ ሹተሩን ከለቀቃችሁ 1/30 ይበቃል። ማለትም ፑሽ አንድ ስቶፕ የሚሰጣችሁን ምት ማወቅ በነጻ ይሰጣችኋል። ቸብቸቦው ሲፈጥን ግን እርሱት። ያኔ እኔም ካሜራዬን አንገቴ ላይ ትቼ አጨበጭባለሁ።

አንዲት እናት ከጎኔ ቆመው ሳነሳ አዩኝና «እስቲ አሳዪኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ይሄ ፊልም ነው፤ አሁን አይታይም» አልኳቸው።

«እንደ ድሮው የሚታጠበው?»

«አዎ።»

«እና ባይወጣስ?»

«አይወጣም ይሆናል።»

«ልፊ ያላት» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ግን በሚቀጥለው እሑድ «ታጠበ?» ብለው የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው።

ስልክ ከፊልም በጨለማ ይበልጣል። ክርክር የለኝም። ስልኬ ኤፍኤም2 የማያየውን ያያል። የአክስቴ ልጅ ይህን ሁልጊዜ ያስታውሰኛል፤ አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ አሁን ወደ ጉዳያችን።

ፑሽ ሞገስ የሚያገኘው ሌላኛው ጨለማ ውስጥ ነው። ጠፍጣፋው ጨለማ እለዋለሁ። ብርሃኑ ትንሽ ነው፣ ግን በየቦታው እኩል ነው። ቅዳሴው አልቆ ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ስንወርድ ያለው እንደዚያ ነው። ጣሪያው ላይ ፍሎረሰንት ተደርድሯል። ዶሮ ወጡ ይወጣል፣ ልጆች ጠረጴዛ ስር ይሯሯጣሉ። የማንም ፊት ላይ ጥላ የለም፤ የማንም ፊት ላይ ሕይወትም የለም። ሁሉ ነገር ውሃ የበዛበት ሻይ ይመስላል። እዚህ ኮንትራስት ነው የጎደለው፤ ፑሽ ደግሞ ኮንትራስት ነው የሚሰጠው። 1600 ላይ ኤፍ 2.8 እና 1/125 ይገኛል። ሯጩ ልጅ እንኳን ይያዛል። የፍሎረሰንቱ አረንጓዴ ቀለም ይመጣል፤ ግን ብርሃኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ስካን ላይ በአንድ እርምጃ ይወጣል።

የአዲስ አበባ ክረምትም እንደዚያ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ፣ ዝናቡ አባርቶ ደመናው ግን አልሄደም። አራት ኪሎ ላይ ሰው ታክሲ ይጠብቃል። ሰማዩ ግራጫ፣ አስፋልቱ ግራጫ፣ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ራሱ ወደ ግራጫ ያደላ። ፖርትራ 400ን ሳትነኩት ብታነሱ ልስልስ ያለ፣ የታጠበ ጨርቅ የመሰለ ነገር ይወጣል። 1600 ላይ አድርጋችሁ ሁለት ስቶፕ ፑሽ ስታደርጉት ግን እርጥቡ አስፋልት ይጠቁራል፣ የመኪናው የኋላ መብራት ይቀላል፣ የጃንጥላው ቢጫ ይወጣል። ግሬይኑም ከዝናቡ ጋር ይስማማል። ከፑሽ ፎቶዎቼ ሁሉ ሰው ላሳይ የምደፍረው በብዛት የክረምቶቹን ነው። የጧፎቹን ቆጥቤ ነው።

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤት።

የቀለም ኔጌቲቭ የሚታጠብበት መንገድ ሲ-41 ይባላል። ኮዳክ በ1972 ነው ያወጣው፤ የዛሬ የቀለም ኔጌቲቮች ሁሉ ማለት ይቻላል በሱ ነው የሚታጠቡት። ደንቡ አጭር ነው፤ ዲቨሎፐሩ 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጊዜው 3 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ሙቀት ትንሽ ቢዛነፍ ይቅር ይላል። ይሄ አይልም። ሙቀቱ ከተዛነፈ ሦስቱ ሽፋኖች እኩል አይታጠቡም፤ ከዚያ ጥላው ወደ አንድ ቀለም፣ ብርሃኑ ወደ ሌላ ቀለም ይሄዳል። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። ፑሽ ይህን ጠባይ ያባብሰዋል።

እኔ ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ሥጋ በቀስታ የሚቀቀልበትን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንግ እከትበታለሁ። ዲግሪውን ትሞሉለታላችሁ፣ እሱ ይጠብቅላችኋል። የኬሚካል ጠርሙሶቹ ውስጡ ይቆማሉ። ለሥጋ ግን ያንኑ ዘንግ አትጠቀሙበት። ፊልሙን ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ከረጢት ውስጥ እጄን ከትቼ ጠቅልዬ ብርሃን የማያስገባ ማጠቢያ ታንክ ውስጥ እከተዋለሁ። ከዚያ መብራት ማብራት ይቻላል።

የፑሽ ጊዜው እንደ ኪቱ (እንደ ኬሚካሎቹ ጥቅል) ይለያያል፤ ከኪታችሁ ጋር የመጣውን ወረቀት እመኑ። የኔው ለአንድ ስቶፕ የተለመደውን ጊዜ በ1.3፣ ለሁለት ስቶፕ በ1.75 አባዙ ይላል። 3 ደቂቃ ከ15 ወደ 4 ደቂቃ ከ15 ገደማ፣ ወይም ወደ 5 ደቂቃ ከ40 ይሄዳል ማለት ነው። በየ30 ሴኮንዱ ታንኩን እገለብጣለሁ። ጊዜውን ትቶ ሙቀቱን በመጨመር ፑሽ ማድረግ ይቻላል የሚሉ አሉ። የሽፋኖቹን ሚዛን ስለሚያናጋ አልወደውም።

ፑሽ የሚነካው ዲቨሎፐሩን ብቻ ነው። ብሩን ከፊልሙ የሚያወጡት ቀጣዮቹ ኬሚካሎች፣ ብሊቹና ፊክሱ፣ እንደ ወትሮው ይቆያሉ፤ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ቢቆዩ የሚጨምሩት ነገር የለም። ማሳጠር ግን አይቻልም። ያልወጣ ብር ፊልሙ ላይ ከቀረ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ግሬይኑም ይሻክራል። ሌላው፣ ፑሽ የምታደርጉትን ፊልም በአዲስ ዲቨሎፐር እጠቡ። ብዙ ፊልም ያለፈበት ዲቨሎፐር ደክሟል፤ ተራውን ፊልም እንኳን ለማጠብ ጊዜ ሊጨመርለት ይገባል። እኔ አዲስ ኬሚካል ስበጠብጥ የሌሊቶቹን ፊልሞች አስቀድማለሁ፣ የልደትና የሽርሽር ፊልሞች ከኋላ ይሰለፋሉ።

አንድ ፊልም አንድ ፑሽ ነው። ግማሹን በ400፣ ግማሹን በ1600 አንስታችሁ አንድ ላይ ማጠብ አይሆንም። ቅዳሴው ላይ የጀመራችሁትን ፊልም ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አትጨርሱት።

የትኛው ፊልም? ለጧፍ ፖርትራ 800። 800 ላይ ሳይነካ፣ ወይም 1600 ላይ አንድ ስቶፕ። 3200 ያወጣዋል ይባላል፣ ያወጣውማል፤ ጥላ የሚባል ነገር ካልፈለጋችሁ። ለጠፍጣፋው ጨለማ ፖርትራ 400 ሁለት ስቶፕ ይበቃኛል፣ ዋጋውም ይሻላል። ሲኒስቲል 800ቲ አለ። እሱ ከኮዳክ የሲኒማ ፊልም ከቪዥን3 500ቲ የተሠራ ነው፤ ከጀርባው ያለው ጥቁር የካርቦን ሽፋን ተነስቶለት በሲ-41 እንዲታጠብ ተደርጓል። የተዘጋጀው ለ3200 ኬልቪን ስለሆነ ለጧፍ ከቀን ፊልም ይልቅ ይቀርባል፤ ሰማያዊው ሽፋን ያን ያህል አይራብም። ችግሩ ያ የተነሳው ሽፋን ብርሃን ተመልሶ እንዳይረጭ የሚከላከለው ነበር። አሁን እያንዳንዱ መብራት ዙሪያ ቀይ ክብ ይሠራል። ማታ ነዳጅ ማደያ ላይ ያምራል። በአንድ ጧፍም ያምራል። በመቶ ጧፍ ዐይን ያደክማል፤ ሁሉም ቀይ አክሊል ደፍቶ ማንን እንደምታዩ ይጠፋችኋል። ፑሽ ሲደረግ ክቡ ይብስበታል።

አገር ቤት ይዛችሁት የምትሄዱ ከሆነ ስለ ኤክስሬይ አስቡ። ለገና ላሊበላ፣ ለጥምቀት ጎንደር የሚሄድ ሰው ፈጣን ፊልም ነው የሚይዘው። ፈጣን ፊልም ደግሞ ለኤክስሬይ ስስ ነው። ቦሌ ላይ ሕንፃው ውስጥ ስትገቡ ይፈተሻል፣ ወደ አውሮፕላኑ ከመሄዳችሁ በፊት እንደገና ይፈተሻል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ አዲሶቹ ሲቲ ስካነሮች አሉ፤ እነሱ በአንድ ማለፍ ብቻ ፊልም ሊያበላሹ እንደሚችሉ ኮዳክ ራሱ ያስጠነቅቃል። ኤክስሬይ ፊልሙ ላይ ጭጋግ ይጥላል። ተራ እጥበት ላይ ጭጋጉ ላይታይ ይችላል። ፑሽ ግን ፎቶውን ከፍ ሲያደርግ ጭጋጉንም አብሮ ከፍ ያደርገዋል፤ ጥቁሩ ሁሉ ቡናማ ገንፎ ይሆናል። ፊልሞቹን ከካርቶናቸው አውጥታችሁ በሚያሳይ ላስቲክ ያዙ፣ በእጅ እንዲፈትሹላችሁ በትህትና ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ሲጠየቁ በእጅ ይፈትሻሉ። ሌላ ቦታ እንደ ፈታሹ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ምንም አያደርግም» ካሏችሁ አሮጌውን ማሽን ማለታቸው እንደሆነ እያያችሁ ወስኑ። ሻንጣ ውስጥ ግን በፍጹም አትክተቱት፤ የሻንጣው ማሽን የባሰ ነው።

ራሳችሁ የማታጥቡ ከሆነ ላብ መስጠት ይቻላል። ሁሉም ላብ ፑሽ አያደርግም፤ የሚያደርጉት በየስቶፑ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። የፊልሙ ቆርቆሮ ላይ በማርከር «በ1600 የተነሳ፣ ፑሽ +1» ብላችሁ ጻፉ። ፖስታው ላይም ድገሙት። ቁጥሩንም ፑሹንም መጻፍ አለባችሁ፤ «1600» ብቻ ካላችሁ አንዱ ሠራተኛ ፑሽ አድርጉልኝ ማለታችሁ ነው ብሎ ይረዳዋል፣ ሌላው ዝም ብሎ በተራው ማሽን ይልከዋል። ስካኑንም ጠይቁ። የላብ ስካነር ጨለማ ፎቶ ሲያይ ራሱ ያበራዋል፣ የጧፉን ቢጫም ሊያጥበው ይሞክራል። «ሳታስተካክሉ፣ ጨለማውን ጨለማ ተዉልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ስጡ። ይህን ሁሉ ፊልሙን ስትሰጡ ነው የምትናገሩት፤ ማታ ቤት ገብታችሁ ትዝ ቢላችሁ ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ ደውሉ፣ ማሽን ውስጥ ሳይገባ ከደረሳችሁ ይቀይሩላችኋል።